ሻወር ቤቱን ምን እናልብሰው? እብነ በረድ ወይስ ፖርሰሊን

ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳር ባለ አንድ የእብነ በረድ መቁረጫ ግቢ ውስጥ መጋዙ ለአፍታ ሲቆም፣ ሽማግሌው ድንጋይ ቆራጭ ከጥግ ከተከመረው ስብርባሪ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቁራጭ መርጠው አነሡ። አንዱ ፊቱ ተወልውሎ ያብለጨልጫል። አቧራውን በውኃ አጥበው በጨርቅ አደረቁትና ከምሳ የተረፈ ግማሽ ሎሚ ጨመቁበት። «እስከዚያ ሻይ ጠጪ፣ ልጄ» አሏት አብራኝ የሄደችውን ሴት።

ሴትየዋ አያት አካባቢ ቤት እያስጨረሰች ነው። ልስኑ አልቋል፣ መስኮቱ ተገጥሟል፤ የቀረው መታጠቢያ ቤቱ ነው። ወንድሟ ከአሜሪካ በቴሌግራም የላከላት ፎቶ ስልኳ ውስጥ አለ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች፣ ወለሉም ጭምር ግራጫ ጅማት የሚሄድበት ነጭ እብነ በረድ ነው። ወዳዋለች። ቤቱን የሚሠራላት ፎርማን ግን «ፖርሰሊን ይሻልሻል» ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ምክንያቱን ስትጠይቀው «ድንጋይ ውኃ ይጠጣል» ከማለት በቀር ብዙ አላብራራላትም።

ሻዩ ሲያልቅ ሽማግሌው ሎሚውን አጥበው ቁራጩን ወደ ብርሃኑ አጋደሉት። ሎሚው አርፎበት የነበረው ቦታ ክብ ሠርቶ ደብዝዟል። በጨርቅ አሹት፤ አልለቀቀም። እሷም በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው። ዳር ዳሩ ሙልጭ ያለ ነው፤ መሐሉ ግን ይሻክራል። «ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። ድንጋዩ ነው የተበላው» አሏት።

እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ የተወለወለው ገጽ ይሸረሸርና ብርሃን መመለሱን ያቆማል። በገበያ ላይ ሲለር እየተባለ የሚሸጠው ማሸጊያ ፈሳሽ ከዚህ አያድነውም። ሲለር ወደ ድንጋዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ዘይትና ቀለም ቶሎ እንዳይሰርጉ ያዘገያል እንጂ ድንጋዩን ከአሲድ የሚከልል ጋሻ አይደለም። አንዳንድ ሻጮች «ሲለር ከተቀባ ምንም አይሆንም» ሲሉ መስማቴ ያናድደኛል፤ ገዢው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነውና እውነቱን የሚያውቀው።

«ሻወር ውስጥ ደግሞ ሎሚ የሚጨምቅ ማን አለ?» አለች ሴትየዋ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው የቤት ጽዳቱ ላይ ነው። በኖራ ድንጋይ መሐል አልፎ የሚመጣ የጉድጓድ ውኃ ጠጣር ይሆናል፤ ድሬዳዋና መቀሌ የኖረ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት በሻወር ግድግዳ ላይ፣ በመስታወቱ ላይ፣ በቧንቧው አንገት ላይ ይጋገራል። ለማንሳት እጃችን የሚሄደው ወደ ኮምጣጤ ነው፤ ሲብስም የሽንት ቤት ማጽጃ ተብሎ ወደሚሸጠው አሲድ። ፖርሰሊን ላይ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ቅርፊቱ ይሟሟል፣ ሰሌዳው እንደነበረ ይቀራል። እብነ በረድ ላይ ግን ቅርፊቱና ግድግዳው አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት። አንዱን የሚያሟሟ ሌላውንም ያሟሟል። ከድንጋዩ ላይ ቅርፊቱን ብቻ ለይቶ የሚበላ አሲድ የለም። የመታጠቢያ ቤት ድንጋይ ዋናው ጣጣ ይኸው ይመስለኛል፤ ሻጩም ገዢውም እምብዛም አያነሡትም።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ነገሮች አሉት። ለጋ ቅቤ ተቀብታ የዋለች ሴት ፀጉሯን የምትታጠበው እዚያው ነው። ቅቤው በሞቀ ውኃ ቀልጦ በግድግዳው ላይ ይረጫል፣ በወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ነጭ ድንጋይ ውስጥ ቀስ ብሎ ሰርጎ እርጥብ የሚመስል ጥቁረት ይተዋል፤ ጥቁረቱ በሳሙና አይለቅም። ሂናም እንዲሁ ነው። ውኃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ ከቧንቧው መጀመሪያ የሚወጣው ቡናማ ውኃ በብረት ዝገት የተሞላ ነው፤ ነጭ እብነ በረድ ላይ ደጋግሞ ከተኛ ቢጫ ያደርገዋል። ይባስ ብሎ አንዳንድ ነጭ እብነ በረድ በውስጡ ራሱ የብረት ማዕድን አለው፤ እርጥበትና አየር ሲያገኘው ከውስጥ ይዝጋል። እንዲህ ያለውን ቢጫነት የሚያጥብ ሳሙና የለም።

ታዲያ ፎርማኑ «ድንጋይ ውኃ ይጠጣል» ያለው ልክ ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። አንድ ሰሌዳ ፖርሰሊን ለመባል በዓለም አቀፉ አይኤስኦ 13006 ደረጃ መሠረት ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ውኃ መምጠጥ የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ለግንባታ የሚውል እብነ በረድ ደግሞ የተቀመጠለት ጣሪያ 0.20 በመቶ ነው፤ ግራናይት 0.40 በመቶ። በወረቀት ላይ እንግዲህ ጥሩ እብነ በረድ ከፖርሰሊን የበለጠ አይመጥም። ልዩነቱ ገጹ ላይ ነው። ፖርሰሊን አብዛኛውን ጊዜ በእሳት የተጋገረ የመስታወት ሽፋን አለው፤ የእብነ በረድ ጥቃቅን ቀዳዳ ግን እስከ ፊቱ ድረስ ክፍት ነው። ጥቂት ቢመጥም የሚመጠው ነገር ቀለም ወይም ዘይት ከሆነ ጥቂቱ ይበቃዋል። በእርግጥ ብዙ የሚመጡ ድንጋዮችም አሉ፤ ለስላሳ የኖራ ድንጋይ እስከ 12 በመቶ ሊመጥ ይችላል፤ ቀዳዳ የሚበዛው ትራቨርታይንም ለሻወር አስቸጋሪ ነው።

ድንጋይን በጅምላ ማማትም ሆነ ማወደስ አይገባም። የአክሱም ሐውልቶች ከጎቦድራ ኮረብታ ተቆርጠው የመጡት ኔፈሊን ሳየናይት ከሚባል ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆባቸው ቅርጻቸው ዛሬም በግልጽ ይታያል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት እሳተ ገሞራ ወለድ ድንጋይ ግን ለስላሳ ነው፤ ዝናቡ እየጎዳው በአንዳንዶቹ ላይ መጠለያ እስከ መዘርጋት ተደርሷል። አገሩ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ግን ለየቅል። ወደ ሻወር ቤት ስንመጣም ከሐረር አካባቢ የሚወጣው ግራናይት ኮምጣጤም ሎሚም አይበላውም፤ በውስጡ ያሉት ኳርትዝና ፌልድስፓር እንደ ካልሲየም ካርቦኔት በአሲድ አይደነግጡም። ሻወሬን በድንጋይ ካላለበስኩ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስለ ግራናይት ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከዳለቲ የሚመጣው እብነ በረድ ግን ምንም ያህል ቢያምር ከላይ የተባለው ሁሉ ይመለከተዋል።

ድንጋይ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ይጠገናል። የደበዘዘ እብነ በረድ በአልማዝ ብናኝ ተሞርዶ እንደገና ይወለወላል፤ ባለሙያ ካገኘ ከ20 ዓመት በኋላም አዲስ ይሆናል። ውስጡም ላዩም አንድ ስለሆነ ቢጫጫር እንኳ ከሥር የሚገለጥ ሌላ ቀለም የለውም። ጅማቱም የራሱ ነው፤ ያንኑ የመሰለ ሌላ ገበታ በዓለም ላይ አይገኝም። ፖርሰሊን ከተሸረፈ ግን መላ የለውም፤ ሰሌዳውን ሰብሮ አውጥቶ ሌላ መተካት ነው።

ዋጋውም ድሮ እንደነበረው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከቻይናና ከሕንድ በዶላር የሚመጣ ማንኛውም የማጠናቀቂያ ዕቃ ጫናው በርትቷል። አገር ውስጥ ተፈልጦ አገር ውስጥ የሚቆረጠውን ድንጋይ እንደ ቅንጦት ሲያዩት የኖሩ ሰዎች አሁን ዋጋ ለማወዳደር ወደ መቁረጫ ግቢዎቹ መምጣት ጀምረዋል። ይህ በራሱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ዋጋ ሲወዳደር ድንጋዩ ብቻ መቆጠር የለበትም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እብነ በረድ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላው ፖርሰሊን 22 ኪሎ ገደማ ነው። ያንን ክብደት በብሎኬት ግድግዳ ልስን ላይ ተሸክሞ የሚኖር ማጣበቂያ፣ የሚሰቅለው እጅ፣ በየጊዜው የሚቀባው ሲለር፣ ሁሉም ከድንጋዩ ዋጋ ጋር ይደመራሉ።

ፖርሰሊኑስ? የተጣራ ሸክላ አፈር፣ ፌልድስፓርና አሸዋ ተፈጭተው፣ ደርቀው፣ በከባድ መጭመቂያ ተጠቅጥቀው ወደ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ እቶን ውስጥ ያልፋሉ። በዚያ ሙቀት ፌልድስፓሩ ቀልጦ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላዋል። ተራ ሴራሚክ እንዲህ አይደለም፤ የግድግዳ ሴራሚክ ከ10 በመቶ በላይ ሊመጥ ይችላል። በካሬ ሜትር 14 ኪሎ ከሚመዝን ሰሌዳ ላይ ሲሰላ ከአንድ ሊትር በላይ ውኃ ማለት ነው። እዚህ ላይ ገበያው ብዙ ሰው ያሳስታል። መደብሩ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ሁሉ «ፖርሰሊን» ይባላል። ቀላል ፈተና አለ። ሰሌዳውን ገልብጡና ሽፋን በሌለው ጀርባው ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉ። ሴራሚክ ከሆነ ውኃው ሲገባ በዓይን ይታያል፣ ቦታውም ይጠቁራል። ፖርሰሊን ከሆነ ጠብታው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ካርቶኑም ላይ የውኃ መምጠጥ መጠኑ ከ0.5 በመቶ እንደማይበልጥ የተጻፈ መሆን አለበት።

እብነ በረድ የሚመስለው ሥዕል የሚታተመው በኮምፒዩተር ነው፤ ቀለም እየረጨ የሚያትም ማሽን የድንጋይን ፎቶ በሰሌዳው ላይ ያሰፍራል። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ «ስንት ፊት አለው?» ብላችሁ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሥዕል ብቻ ካለው ያው ጅማት በየሁለት ሰሌዳው ይደጋገምና ማስመሰሉ ወዲያው ይጋለጣል። ስምንት ወይም ከዚያ በላይ የተለያየ ፊት ያለውን፣ ሠራተኛው ከመለጠፉ በፊት መሬት ላይ ዘርግቶ ካደባለቀው፣ ቆሞ የሚመረምር ሰው ካልሆነ በቀር ከድንጋይ የሚለየው ብዙ አይደለም።

ስለ ወለሉ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። በየመደብሩ ፊት ለፊት የሚደረደረው የሚያብለጨልጭ ፖርሰሊን ለሻወር ወለል አይሆንም። ሳሙና ሲነካው ያንሸራትታል፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን የሚወድቁት እዚያ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የተወለወለ እብነ በረድም ያው ነው። ሻጮች «አር10 ነው፣ አር11 ነው» ይላሉ፤ ይህ የጀርመን መለኪያ ጫማ ለተጫማ ሰው የወጣ ነው። ለባዶ እግር ሌላ መለኪያ አለ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተብሎ የተከፈለ፤ ለሻወር የሚጠየቀው ቢ ነው። ይህን የሚያውቅ ሻጭ ካላገኛችሁ ሰሌዳውን በሳሙና ውኃ አርሳችሁ በባዶ እግራችሁ ቁሙበት። ማት የሚሉትን፣ የማያብለጨልጨውን፣ መጠኑም አነስ ያለውን ምረጡ። አነስ ማለቱ ሁለት ጥቅም አለው። በሰሌዳዎቹ መካከል ያለው መስመር ሲበዛ እግር የሚቆነጥጠው ያገኛል። ወለሉም ከአራቱም አቅጣጫ ወደ ፍሳሹ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበል ስላለበት፣ 60 በ60 የሆነ ደረቅ ሰሌዳ እንደዚያ አይታጠፍም፤ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን ይታዘዛል።

ከመቁረጫው ግቢ ወደ ሴትየዋ ቤት ስንመለስ ሴራሚክ ሠራተኛው የሁለተኛውን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ጀምሮት ነበር። ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ከሰሌዳው ጀርባ በአራቱ ጥግና በመሐሉ ጉብ ጉብ እያደረገ ሲሚንቶ ያስቀምጥና ግድግዳው ላይ ተጭኖ በጎማ መዶሻ ያስተካክላል። በመዶሻው እጀታ አንዱን ሰሌዳ አንኳኳሁት። ጥጉ ላይ ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ከጉብታዎቹ መሐል ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። «እትዬ፣ አንድ አውልቄ ላሳይሽ?» አለ፤ ቅር ሳይለው። ገና ያልደረቀውን ሰሌዳ ፈልቅቆ ገለበጠው። ሲሚንቶው የነካው ግማሹን እንኳ አይሞላም። ሴትየዋ የእጅ ባትሪ አብርታ ግድግዳውንና ሰሌዳውን ደጋግማ አየች።

እርጥበት ባለበት ቦታ ቢያንስ 95 በመቶው የሰሌዳው ጀርባ ማጣበቂያ መንካት አለበት። ባዶ የቀረው ውኃ ይሰበስባል፤ አንድ ቀን ዕቃ ሲወድቅበት ሰሌዳው የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ነው ማጣበቂያው ጥርስ ባለው ማንኪያ በአንድ አቅጣጫ የሚሰመረው፤ ለትልቅ ሰሌዳ ጀርባውም ይቀባል። ደግሞ ፖርሰሊን ተራ የሲሚንቶ ሊጥ አይይዘውም። የድሮው ሴራሚክ ሊጡን ወደ ቀዳዳው እየመጠጠ ይጣበቅ ነበር፤ ፖርሰሊን የሚመጥበት የለውም። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ከግድግዳ ላይ እየተላቀቀ የሚወድቀው ብዙው ፖርሰሊን ምክንያቱ ይህ ነው። ፖሊመር የተጨመረበት፣ ከረጢቱ ላይ ሲ2 የሚል ደረጃ የታተመበት ማጣበቂያ ያስፈልገዋል። ነጭ እብነ በረድ ደግሞ ነጭ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ግራጫው ከሥሩ ይታያል። አረንጓዴ እብነ በረድ እየተባለ የሚሸጠው ሰርፐንታይን የባሰ ነው፤ በውኃ የተቦካ ማጣበቂያ ሲነካው ሊጣመም ስለሚችል ኤፖክሲ ይጠይቃል።

ከሁሉም በላይ የምጨነቅለት ግን የማይታየው ክፍል ነው። ፖርሰሊንም ሆነ ድንጋይ ሻወርን ከውኃ አያሽግም። በመስመሮቹ መካከል የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ውኃ ያሳልፋል። ውኃውን የሚያቆመው ከሥር የሚቀባው ሽፋን ነው፤ ሲሚንቶና ፈሳሽ ሆኖ ሁለት ጊዜ የሚቀባ፣ በጥጋጥጉ ላይ ጨርቅ የሚገባበት፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚለጠጥ። ከወለሉ ተነሥቶ በግድግዳው ላይ ቢያንስ እስከ ሻወሩ ራስ ድረስ መውጣት አለበት። ሊሾው ወደ ፍሳሹ ማዘንበል ያለበትም ሽፋኑ ከመቀባቱ በፊት ነው። ሽፋኑ ሜዳ ወለል ላይ ተቀብቶ ዝንባሌው ከላዩ በአሸዋና ሲሚንቶ ከተሠራ፣ ወደ ታች የሰረገው ውኃ መሄጃ አጥቶ ይተኛል። ወለሉ እብነ በረድ ከሆነ ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ፤ በፍሳሹ ዙሪያ ያለው ድንጋይ ጠቁሮ ይቀራል፣ ሻወሩ ለሳምንት ባይነካም አይደርቅም። ሰዎች ሲለር ደርበው ይቀባሉ፤ እርጥበቱን ከላይ መውጫ ከመንሣት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ደግሞ ይህ ጉድለት የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ እንዴት እንደሚያበሰብስና ስንት የኮሚቴ ስብሰባ እንደሚያስጠራ ያውቃል።

ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ፍሳሹን ደፍኖ ወለሉ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ መሙላት፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ 24 ሰዓት መጠበቅ። ከምልክቱ በግልጽ ከወረደ ሰሌዳ መለጠፍ የለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ያህል ውኃ ማባከን ይከብዳል፤ ከሮቶው ቀድቶም ቢሆን መደረግ አለበት እላለሁ። ሲጨርሱ ባልዲ ባልዲውን ለአትክልት ማጠጣት ይቻላል።

ሴትየዋ የወሰነችው እንዲህ ነው። ለሻወሩ ግድግዳ እብነ በረድ የመሰለ፣ ማት የሆነ ፖርሰሊን፤ ለወለሉ በመረብ ላይ የተያያዘ ትንንሽ ፖርሰሊን። በጥግና በወለሉ መጋጠሚያ ነጭ ሲሚንቶ ሳይሆን ሲሊኮን፤ ግድግዳና ወለል ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ሲሚንቶ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። እውነተኛውን እብነ በረድ ግን አልተወችውም። ለመታጠቢያ ቤቱ በር ደፍና ለመስኮቱ ግርጌ፣ ቅቤም ኮምጣጤም ለማይደርስባቸው ቦታዎች፣ ከሽማግሌው ዘንድ አዘዘች። ምርጫዋን ወድጄዋለሁ። ቤት ውስጥ ሠራተኛ፣ ልጆችና እንግዳ በሚታጠቡበት ሻወር ላይ እያንዳንዱ ሰው የትኛው ማጽጃ የትኛውን ድንጋይ እንደሚበላ እንዲያስታውስ መጠበቅ ለማንም አይበጅም። ብቻውን የሚኖርና ከታጠበ በኋላ ግድግዳውን በመጥረጊያ የሚያደርቅ፣ በለስላሳ ሳሙና ብቻ የሚያጸዳ፣ ደብዘዝ ሲልም የዕድሜ ምልክት ነው ብሎ የሚቀበል ሰው ካለ ደግሞ፣ ያልተወለወለ እብነ በረድ ያስለጥፍ፤ አልከለክለውም። ድንጋዩ ማሸጊያ የሚፈልግበትን ጊዜም በቀላሉ ያውቀዋል፤ ጠብታ ውኃ አስቀምጦ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሥሩ ከጠቆረ ጊዜው ደርሷል።

ወጣቱ ሠራተኛ የለጠፈውን አውልቆ በጥርስ ማንኪያ እንደገና ጀመረ፤ ለተጨማሪው ቀን ክፍያ ተስማምተዋል። ፖርሰሊኑ ሲራገፍ ሴትየዋ በር ላይ ቆማ የየካርቶኑን የቀለምና የመጠን ቁጥር አንድ በአንድ አነበበች። በተለያየ ቀን ከእቶን የወጣ ሰሌዳ በነጭነቱ በጥቂቱ ይለያያል፤ ልዩነቱም የሚታየው ተለጥፎ መብራት ሲበራበት ነው። ከ18ቱ ካርቶን የሁለቱ ቁጥር የተለየ ሆኖ ተገኘ። በዚያው መኪና ወደ ሻጩ ተመልሰው ተለወጡ፤ አንድ ተጨማሪ ካርቶንም ለመጠባበቂያ ተገዝቶ ከደረጃው ሥር ገባ።